አማራጮቹን ሸፍኚያቸው

ማታ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ የቀኑ ሙቀት ግን ከግድግዳው ገና አልወጣም። ብሎኬቱን በእጄ ስነካው እንጀራ ተጋግሮ እንዳበቃ ምድጃ ይሞቃል። ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላልተቻለ ሰገነቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፈናል። ከታች ከመንገዱ ሶማልኛና አፋርኛ ይሰማል፤ ከጥጉ ሱቅ በራፍ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በአማርኛ፣ በስልክ ይነጋገራል። ጅቡቲ ከተማ ማታ ማታ ድምጿ ይህ ነው።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጥያቄ ትመልሳለች። በሊሴ፣ ማለት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናት፤ እዚህ «ተርሚናል» የሚሉት ክፍል። ጥያቄዎቹን የላከላት ኢትዮጵያ ውስጥ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባው የአጎቷ ልጅ ነው። በቴሌግራም ከእጅ እጅ የሚዞር ፋይል ነው፤ የጄኔራል ሳይኮሎጂ የምርጫ ጥያቄዎች፣ ከሥራቸው መልሳቸው ደመቅ ብሎ የተጻፈ። በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተመላልሳበታለች። የዛሬው ዙር 40 ጥያቄ ነበር።

«አክስቴ፣ ከ40 36!»

ፊቷ በራ። እኔም ደስ አለኝ። ስልኩን ተቀበልኳትና አንዱን ጥያቄ መርጬ አማራጮቹን በመዳፌ ሸፈንኳቸው። ውሻ፣ ደወል፣ ምራቅ።

«ደወሉ ከምግቡ ጋር ደጋግሞ ከመጣ በኋላ ምን ይባላል?»

«ቢ ነው» አለች ወዲያው።

«ቢ ምንድን ነው?»

ዝም አለች። የሱቁ ጄኔሬተር ድምፅ ብቻ ቀረ። «ቢ ነው እኮ» አለች ደግማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። በአራት ቋንቋ የምታወራ፣ ለፈተና እንቅልፍ የምታጣ ልጅ ናት። ሦስቱን ቀን ሙሉ ሠርታለች። ያልሠራው ዘዴው ነው። የሚገርመው ደግሞ ዘዴው ለምን እንዳልሠራ የሚያስረዳው እፊቷ የተዘረጋው ራሱ ትምህርቱ ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ስለ ተፈታኟ ልጅ ራሷ ምንም አይነግራትም። የሥነ ልቦና ፈተና ግን ስለ ራሷ ይጠይቃታል፦ እንዴት ታስታውሻለሽ? ለምን ትረሺያለሽ? የምታውቂ ሲመስልሽ በእርግጥ ታውቂያለሽ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥነ ልቦና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ቦታ ከአገር አገር ይለያል። በህንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ራሱን የቻለ የሳይኮሎጂ መማሪያና ፈተና አለው። በግብፅ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ተማሪዎች ለረጅም ዓመታት ሲማሩት ኖረዋል። በኢትዮጵያ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደ አንድ ትምህርት አይወስደውም፤ የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ሲጀመሩ ጄኔራል ሳይኮሎጂ አብሮ ገባ። የዚያ የቴሌግራም ፋይል ምንጭ ይኸው ነው።

የጅቡቲው መንገድ ሌላ ነው፤ በፍልስፍና በኩል ያልፋል። የእህቴ ልጅ የምትማርበት ሊሴ የፈረንሣይን ፕሮግራም ይከተላል፤ በዚያ ፕሮግራም ደግሞ ሥነ ልቦና ጥንትም በፍልስፍና ቤት ያደገ ልጅ ነበር። በ1832 ቪክቶር ኩዛን ለፈረንሣይ ትምህርት ቤቶች የፍልስፍና ፕሮግራም ሲያወጣ ከሎጂክም ከሥነ ምግባርም በፊት ያስቀመጠው ሥነ ልቦናን ነው። ነፍስን ያላወቀ ስለ እግዚአብሔርም ስለ ግዴታም እንዴት ይናገራል የሚል እምነት ነበረው። ይህ ክፍል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኋላ ከፕሮግራሙ ስሙ ጠፋ። ጉዳዩ ግን አልጠፋም። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዝርዝር ውስጥ ካሉት 17 ሐሳቦች መካከል ንቃተ ኅሊና አለ፤ ኢ-ንቁ ኅሊናም አለ፤ ቋንቋ፣ ነፃነትና ደስታም አሉ። ፈተናው አራት ሰዓት ነው። አማራጭ ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚባል የለም። ከቀረቡት ርእሶች አንዱን ትመርጫለሽ፤ «ሰው ሳያውቀው ለሠራው ሥራ ተጠያቂ ነውን?» የሚል ዓይነት፤ ባዶ ወረቀት ይሰጥሻል፤ ከዚያ አንቺና ጭንቅላትሽ ትቀራላችሁ።

እንግዲህ «ቢ ነው» እዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።

ወደ ሰገነቱ ልመለስ። ለልጅቷ ስለ አንድ ሙከራ ነገርኳት። በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጭር ምንባብ አስነበቡ። አንዱ ቡድን ምንባቡን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱ ተወስዶበት የሚያስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው ቡድን 83 በመቶ አስታወሰ፤ ራሱን የፈተነው 71 በመቶ። አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ።

«በሳምንት ግማሹ ጠፋባቸው ማለት ነው» አለች።

አዎ። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ተማሪዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ቀድመው እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። ይበልጥ እናስታውሳለን ያሉት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ንባቡ ሲደጋገም ይለሰልሳል፤ ልስላሴው ደግሞ እውቀት ይመስላል። ዓይን ያወቀውን ልብ ያወቀው ይመስለናል። የእህቴ ልጅም 36 ስታገኝ የቆጠረችው ስንቱን እንደምታውቅ ሳይሆን ስንቱን አይታ እንደምትለይ ነበር። ሰው ሲያዩት መለየትና ስሙን ከራስ አውጥቶ መጥራት አንድ አይደሉም። መንገድ ላይ ሰላም ያለንን ሰው «ማን ነበር?» እያልን ስንቱን ማታ አሳልፈናል።

የመልመጃ ጥያቄ ማለት ለእኔ ከዚህ በኋላ ትርጉሙ ተለወጠ። ብዙዎቻችን ጥያቄን እንደ ሚዛን ነው የምናየው፤ ተምረን ከጨረስን በኋላ ምን ያህል እንደገባን የሚለካ። ትምህርቱ የሚገባው ግን ጥያቄው ውስጥ ነው። ጭንቅላት ከራሱ ጎትቶ ለማውጣት ሲታገል፣ «ምን ነበር… ምን ነበር…» ሲል፣ በዚያች ጭንቅ ውስጥ ነገሩ ይጠብቃል። አማራጮቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ሲታዩ ትግሉ ይቀራል፤ ትግሉ ሲቀር ትርፉም አብሮ ይቀንሳል። በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የጥናት ዘዴዎችን መርምረው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለቱን ብቻ ነው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ማከፋፈል። ደማቅ ቀለም ቀብቶ ማስመርና ደግሞ ማንበብ፣ ሁላችንም ያደግንባቸው ሁለቱ፣ ዝቅተኛው ረድፍ ላይ ወደቁ።

ከቤታችን ሁለት ቤት አልፎ ዱግሲ አለ፤ ሶማሌዎች የቁርኣን ትምህርት ቤትን የሚጠሩበት ስም ነው። ልጆቹ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ይመጣሉ። የእንጨት ሰሌዳ፣ «ሎሕ» የሚሉት፣ በእጃቸው ነው። አንቀጹ ሰሌዳው ላይ በከሰል ቀለም ይጻፋል፤ ልጁ ደጋግሞ ያነብበዋል፤ ከዚያ ሰሌዳው ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ ያለው ያ ብቻ ነው፤ ልጁ የያዘው። መምህሩ ፊት ቆሞ ከልቡ ይላል። ከጎደለው ይታረማል፤ ካልጎደለው አዲስ ይጻፍለታል።

ይህን ባየሁ ቁጥር የአገሬ የቃል ትምህርት ትዝ ይለኛል። የአብነት ተማሪው ማታ ማታ፣ መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ መምህሩ የሚሉትን እየተቀበለ ይይዛል። ያለፈውን ሳያስረክብ አዲስ አይቀበልም። ጨለማው ራሱ አማራጮቹን ሸፍኖለታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ሮዲገርና ካርፒኪ በቤተ ሙከራ የለኩትን ነገር መምህራኑ ከስንት መቶ ዓመት በፊት በሥራ ያውቁት ነበር። ቋንቋችንም ያውቀዋል፤ «በቃል ያዘ» እንላለን፣ ፈረንሣዮቹም «ፓር ኬር» ይላሉ፣ በልብ ማለት ነው። ትምህርቱን ራሱን በአማርኛ «ሥነ ልቦና» ብለን ስንጠራው ልብን የማስታወስም የማሰብም ማደሪያ አድርገን ነው።

ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ፤ ሽምደዳን ማወደስ አልፈልግም። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል ለዓመታት አጥንተው በ1981 መጽሐፍ አወጡ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ቁርኣን በዐረብኛ የሚማሩ አሉ፤ በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የሚማሩም አሉ። የቁርኣን ተማሪዎቹ በአንድ ዓይነት የማስታወስ ሥራ ከሌሎቹ በለጡ፦ ቃላት በቅደም ተከተል አንድ በአንድ እየተጨመሩ ሲሄዱ በመያዝ፣ ልክ በተለማመዱት መንገድ። በሁሉም ዓይነት የማስታወስ ሥራ ግን አልበለጡም። ሰው የሚጠነክረው በተለማመደው ነው። ስለዚህ ቃል በቃል የምታወጣ ልጅ ቃል በቃል ማውጣትን ትለማመዳለች፤ ፈተናው ደግሞ «ለምን?» የሚል ከሆነ መልመጃውም «ለምን?» ማለት አለበት። ባዶ ወረቀት ለሚጠብቃት ልጅ የምርጫ ጥያቄ ብቻ መመገብ ጎማ ለመቀየር የሚሄድን ሰው የጎማ ስዕል እንደማሳየት ነው።

በማግስቱ ፋይሉን ዘጋነውና ጥያቄ ራሳችን ልናወጣ ተቀመጥን። ከፓቭሎቭ ጀመርን፤ ያልተመለሰው እሱ ነበርና።

ኢቫን ፓቭሎቭ የኖቤል ሽልማቱን በ1904 ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት ነው፤ የውሻው ምራቅ ነገር ከዚያ ሥራ ላይ የበቀለ ነው። መጽሐፍ ሁሉ ስለ ደወል ይናገራል እንጂ እሱ ሜትሮኖምና ሌሎች ድምፆችንም ይጠቀም ነበር። ውሻ ምግብ አፉ ሲገባ ምራቁ ይወርዳል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ምግቡ ከመምጣቱ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግሞ ከተሰማ ግን ውለው አድረው ድምፁ ብቻውን ምራቅ ያወርዳል። ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ የሚሉት ይህ ነው።

«ውሻ የለንም፤ ከዚህ ከተማ አንድ ምሳሌ ስጪኝ» አልኳት።

ጅቡቲን ለሚያውቅ ሰው መልሱ እንደ ፀሐይ የታወቀ ነው። በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ከተማው ይገባል። መኪኖቹ ክላክስ እየነፉ ያልፋሉ፤ በየጥጉ ሴቶቹ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው ጠረጴዛቸው ላይ ይደረድራሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ለእረፍት ይዘጋል። የከተማው ቀን እዚያች ሰዓት ላይ ለሁለት ይከፈላል።

እሷም ይህን አሰበች። ጻፍንም፦ «አንድ ሰው ለዓመታት ከቀትር በኋላ ጫት ይቅማል። የጫት መኪናውን ክላክስ ሲሰማ ገና ቅጠሉን ሳያይ ልቡ ይነሣል፣ አፉ ውኃ ይሞላል። ያልተማረው ቀስቃሽ የቱ ነው? የተማረውስ? ጫት ቀምሶ የማያውቅ ልጁ ክላክሱን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ለምን?»

መለሰች። በሰውነት ላይ ንቃት የሚያመጣው ቅጠሉ ራሱ ያልተማረው ቀስቃሽ ነው። ክላክሱ የተማረው። ልጁ ግን ክላክሱን እንደ ማንኛውም የመንገድ ድምፅ ነው የሚሰማው፤ ምክንያቱም ለእሱ ከክላክሱ በኋላ የሚከተል ነገር የለም። «ክላክሱ ብቻ እየነፋ ጫቱ ባይመጣስ?» አልኳት። «ይጠፋል፤ ቀስ በቀስ» አለች፤ ኤክስቲንክሽን የሚለውን ስም አላስታወሰችም፤ ነገሩን ግን አወቀችው። ስሙን ሰጠኋት። ከዚያ ዝም ብላ መንገዱን ስታይ ቆየችና፦

«አክስቴ፣ ግን ክላክሱ ነው ወይስ ሰዓቱ?»

«እንዴት?»

«የታችኛው ቤት አባባ ክላክሱ ሳይነፋም ሰዓታቸውን ያያሉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ። መኪናው ገና ድንበርም አልተሻገረ ይሆናል።»

የጫት ነገር በዚህ ከተማ ቀላል ወሬ አይደለም፤ ስንት ቤት የሚጎዳበትም ስንት ቤት የሚተዳደርበትም ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ፍርድ መስጠት የዚያን ቀን ሥራችን አልነበረም። እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄዋ ነው። ፓቭሎቭ ራሱ ውሾቹ በየተወሰነ ደቂቃ ምግብ ሲሰጣቸው ምንም ድምፅ ሳይኖር ሰዓቱ ሲደርስ ምራቃቸው እንደሚወርድ አይቶ ነበር። የጊዜ መፍሰስ ብቻውን ምልክት ይሆናል። ይህ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም። አባባን አይታ ደረሰችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፓቭሎቭ ጠይቄያት አንድም ጊዜ «ቢ ነው» አላለችኝም።

የመልመጃ ጥያቄ ከራስ መንገድ ሲቀዳ ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ምሳሌውን ራሷ ማግኘት ስላለባት ሐሳቡን ሳትረዳው ልታገኝ አትችልም። ሌላው ምክንያት ግን ስለ ትምህርቱ ስለ ራሱ ነው። በ2008 ጄፍሪ አርኔት የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሚያወጣቸውን ዋና ዋና ጆርናሎች መርምሮ ከጥናቶቹ ናሙናዎች 68 በመቶው ከአሜሪካ፣ ሌሎች ምዕራባውያን አገሮች ሲጨመሩ ደግሞ 96 በመቶው ከዚያ ወገን እንደሆኑ አሳየ። የጽሑፉ ርእስም የተረሳውን 95 በመቶ የዓለም ሕዝብ የሚያነሣ ነበር። እኛ የተረሳነው ውስጥ ነን። ይህ ማለት ፓቭሎቭ ለጅቡቲ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ክላክሱ እንዳሳየን ይሠራል። ግን እያንዳንዱን ጥያቄ «እዚህስ እውነት ነው?» ብሎ መፈተሽ የእኛ ተማሪዎች መብትም ሥራም ነው።

ስለ እነዚያ ፋይሎች አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያሳስበኛልና።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተና በቤተሰብ ላይ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.3 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ በር ፊት የቆመ ቤተሰብ የሚያገኘውን ጥያቄ ሁሉ ይሰበስባል። ስልክ ላይ ያለው ቦታ እስኪሞላ ያወርዳል። ጅቡቲ ያሉ ወላጆችም ልጆቻቸው በየትኛውም ሥርዓት ይማሩ እነዚያኑ ፋይሎች ይቀባበላሉ። ማን እንዳወጣቸው፣ መልሱን ማን እንዳረጋገጠ አይጻፍባቸውም። እኛ ከከፈትነው ፋይል ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸው ስሕተት ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2005 ሮዲገርና ኤልዛቤት ማርሽ እንዳሳዩት የምርጫ ጥያቄ ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን የውሸቱንም አማራጭ ያስተምራል። ልጁ የተሳሳተውን መርጦ ማንም ካላረመው በኋላ ላይ ያንኑ ስሕተት እንደ እውቀት ያወጣዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መልሱን ሳይውል ሳያድር ማረም፤ በ2008 ሮዲገርና አንድሩ በትለር ባደረጉት ሙከራ እርማት የተሰጣቸው ተማሪዎች ከዚህ ጉዳት በአብዛኛው ድነዋል። እንግዲህ መልሱ የተሳሳተ ፋይል እርማቱንም መርዞ ይሰጣል። ለልጄ ሺህ ጥያቄ አወረድኩለት የሚል ወላጅ ከሺህ ይልቅ አብሮት ቁጭ ብሎ የሚያርማቸው ሠላሳ ጥያቄ ይሻለዋል። ይህን በልበ ሙሉነት እላለሁ።

መልሱ ትክክል ሆኖ ያረጀም አለ። ፋይሉ ውስጥ የማስሎው ፒራሚድ ነበር፤ ሥዕሉም ተያይዟል። አብርሃም ማስሎው በ1943 የፍላጎቶችን ደረጃ ጽፏል፤ ፒራሚዱን ግን አልሣለውም፤ ሌሎች ናቸው በኋላ የሣሉት። የጠላቂዎቹም ጥያቄ ነበር። በ1975 ዱንካን ጎደንና አላን ባድሊ በስኮትላንድ ጠላቂ ዋናተኞችን ባሕር ውስጥና የብስ ላይ ቃላት አስይዘው፣ ውኃ ውስጥ የተያዘ ነገር ውኃ ውስጥ ይበልጥ እንደሚታወስ አገኙ። የባሕር ከተማ ልጅ ናትና በጣም ወደደችው። ያፕ ሙሬ በ2021 ሙከራውን ሲደግመው ግን ውጤቱ አልተገኘም። «ታዲያ ፈተና ላይ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። ሁለቱንም ጻፊ አልኳት። የመጀመሪያው ምን እንዳለ፣ ሁለተኛው ምን እንዳገኘ፣ ከዚያ አንቺ የምታስቢውን። በአራት ሰዓት ፈተና ላይ ይህን የሚጽፍ ልጅ አራሚው ልብ ይለዋል።

የቀሩት ሳምንታት ጥቂት ናቸው። ከፈተናው በፊት የሚሰጠውን የሙከራ ፈተና እዚህ «ባክ ብላን» ይሉታል፤ ነጩ ባክ ማለት ነው። ባክ በ1808 ናፖሊዮን ያቋቋመው የሊሴ ማጠናቀቂያ ፈተና ነው። በነጩ ባክ ላይ ደንግጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምንም ሳትጽፍ አሳልፋ መጣች። በ2011 ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ባይሎክ ፈተና የሚያስፈራቸውን ተማሪዎች ከፈተናው በፊት አሥር ደቂቃ ፍርሃታቸውን እንዲጽፉ ሲያደርጉ ውጤታቸው መሻሻሉን አሳትመዋል። ነገርኳት። በየቀኑ ከጥያቄዎቹ በፊት ትጽፋለች፤ እኔ አላነበውም።

ሙቀቱ ግን በጽሑፍ አይወጣም። በሰኔ እዚህ ቀኑ ከ40 ዲግሪ መዝለሉ ብርቅ አይደለም፤ ባኩም በሰኔ ነው። በ2020 የታተመ፣ ጆሹዋ ጉድማን፣ ጂሱንግ ፓርክና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት የ10 ሚሊዮን አሜሪካውያን ተማሪዎችን ውጤት መርምሮ የትምህርት ዓመቱ አማካይ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለት ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት በሚበልጥ፣ ሲጨምር የዚያ ዓመት ትምህርት በአንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አገኘ። ማቀዝቀዣ ባለበት ትምህርት ቤት ጉዳቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ በዚህ ከተማ ቬንቲሌተሩ ቆሞ፣ ወረቀቱ ክንዳቸው ላይ እየተጣበቀ የሚጽፉ ልጆችን ውጤት ከሌላ አገር ውጤት ጋር አስተያይቶ «እነዚህ አልቻሉም» ለማለት የሚቸኩል ሰው ይህን ቁጥር ይያዝ። እኛ የምንችለውን አደረግን፤ ጥናቱን ወደ ንጋት አመጣነው፣ የዱግሲው ልጆች ከሚጀምሩበት ሰዓት ጋር።

የቀን ሰሌዳም ሠራን። ኒኮላስ ሴፔዳና ባልደረቦቹ በ2008 ከ1,350 በላይ ሰዎችን ይዘው ባደረጉት ጥናት፣ ፈተናው ከ35 ቀን በኋላ ለሆነ ሰው በሁለት ጥናት መካከል ከሞከሯቸው ክፍተቶች የተሻለው 11 ቀን ነበር። እሷ ግን ሁሉንም በየማታው መከለስ ነበር ልማዷ። በጣም የሚከብዳት ይህ ነው፤ አንድን ነገር ትታ ሊጠፋት ሲል መመለስ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ ካሳተመው ሥራ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች ይዞ በማግስቱ ሲመለስ የዳነለት ሲሶው ገደማ ነበር። መርሳት ፈጣን ነው። ግን ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው የተያዘ ነገር ይጠነክራል። «እንዲጠፋኝ ልጠብቅ?» ትለኛለች፣ ዓይኗ እንባ እየሞላ። ጥቂት ጠብቂ እላታለሁ።

ትናንት ማታ እንደገና ሰገነቱ ላይ ነበርን። ደብተሯን አመጣች፤ በራሷ እጅ ያወጣቻቸው ጥያቄዎች 60 ደርሰዋል። ስለ ወደቡ ሠራተኞች አንድ አለ። ድሬ ዳዋ ስላሉት አያቷ፣ ስማቸው የጠፋቸውን ሰዎች ድምፃቸውን ሰምተው ስለሚለዩት፣ ሦስት አሉ። አንዱን ገልጣ ታችኛውን ግማሽ በመዳፏ ሸፈነችብኝ።

«ኤቢንግሃውስ በማግስቱ ምን ያህል ዳነለት? ያልሽኝን አንቺ ራስሽ በይው።»

አሰብኩ። ግማሹ፣ አልኳት።

መዳፏን አላነሣችም። «አይደለም» አለች። «ሲሶው ገደማ ነው። ሐሙስ እንደገና እጠይቅሻለሁ።» ደብተሩ ጥግ ላይ ቀኑን ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ገለጠች።